የኋለኞቹ ስፒከሮች

ከኮምፒውተሩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን ገመድ ለስንተኛ ጊዜ ነቅሎ እንደሰካው እሱም ረስቶታል። የፊተኞቹ ስፒከሮች ደህና ይሠራሉ። ከሶፋው ጀርባ መሬት ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ግን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ትንፍሽ አላሉም። ፊልም ሲያይ የእግር ኮቴው፣ ሩጫው፣ ዝናቡ ሁሉ የሚወጣው ከነሱ ነበር። ሌላ ገመድ ገዛ፤ ስፒከሮቹን አቀያየረ፤ ጓደኛው በስልክ ያዘዘውን ሁሉ ሞከረ። አምፕሊፋየሩ አሁንም የሚያሳየው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ጎንበስ ቀና ማለቱ ወገቡን ቆረጠው። ‘ብቻዬን ለምኖረው ሰውዬ ሁለቱስ መች አነሱኝ?’ ብሎ ሊተወው ሲል በሩ ተንኳኳ።

ከታችኛው ፎቅ እትዬ የሺመቤት ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል ያለፈ ትውውቅ የላቸውም። ስለ ጩኸት ሊቆጡት የመጡ መሰለው።

“ይቅርታ እትዬ፣ እቀንሰዋለሁ” አለ ቀድሞ።

“ኧረ ለሱ አይደለም ልጄ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ባለቤቴ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ጆሮው እናንተ ቤት ነው። ልጆችህ ሲሯሯጡ ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። ሰሞኑን ዝም ቢሉበት ጊዜ፣ ‘ታመው እንዳይሆን፣ ሄደሽ ጠይቂልኝ’ ብሎ ነው የላከኝ።”

ዞር ብሎ ከሶፋው ጀርባ ያሉትን ስፒከሮች አየ።

“ደህና ናቸው እትዬ” አለ። “አያታቸው ጋ ሄደው ነው። ማታ ይመጣሉ።”