የሳፋ ተረካቢ

ኡንተርሊደርባህ፣ ጀርመን፣ ማርች 2013። ዝናብ። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ወሳጅ ያልመጣላት አንዲት ልጅ ቀርታለች፤ ሳፋ ዛሂድ። አራት ዓመቷ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ስድስት ወሯ።

ሞግዚቷ ዮርዲ በታመመች ባልደረባዋ ፈንታ የገባችው ዛሬ ጠዋት ነው። የወላጆቹን መልክ አታውቅም። የምታውቀው ባልደረባዋ ጽፋ የተወችላትን ማስታወሻ ነው፦ «ሳፋ ለእናቷ ብቻ! አባቷ ዛሂድ ከአገር ይዟት ሊወጣ ዝቷል። ፎቶ ያለው መታወቂያ ሳታዪ እንዳትሰጪ።» ከሥሩ የእናቷ ስልክ ቁጥር።

ደወሉ ጮኸ።

ከመስታወቱ በር ማዶ ዝናብ ያበሰበሰው ሰው ቆሟል። ከኋላው መኪናው፤ ሞተሩን አላጠፋም።

«ሳፋን ልወስድ ነው። አጎቷ ነኝ። ባቡሩ፣ ኤስ-ባኑ፣ መንገድ ላይ ቆሞባት እናቷ ናት የላከችኝ።»

«መታወቂያ?»

መንጃ ፈቃዱን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። የጀርመን ካርድ። ቁጥር አንድ፣ የቤተሰብ ስም፦ ሰይድ። ቁጥር ሁለት፣ የራስ ስም፦ ነቢል።

«ከልጅቷ ስም ጋር አይገጥምም።»

«እንዴ! አንቺ ሀበሻ አይደለሽም?»

«እዚሁ ነው ያደግኩት። ደግሞ ሀበሻነት በር አያስከፍትም፣ ወንድሜ።»

«እሺ ሳፋን ጥሪያትና ጠይቂያታ!»

ዮርዲ አልጠራቻትም። ማስታወሻው ላይ ያለውን ቁጥር ሞከረች፤ አይሠራም። ሰውየው በሩን በቡጢ መታው።

«ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ጥሪ! ቆይ፣ ታያለሽ!»

መኪናው ውሃ እየረጨ ተፈተለከ። ዮርዲ መቀርቀሪያውን ደግማ ዘጋችው።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ደወሉ እንደገና።

አሁን ሴት ናት። ወጣት፣ ሻሽ ያሰረች፣ ጃንጥላ የያዘች።

«ዘገየሁባችሁ አይደል? ይቅርታ። ለሳፋ ነው የመጣሁት።»

«እናቷ ነሽ?»

«በዚህ ዝናብ ሌላ ማን ይመጣላታል ብለሽ ነው?»

መንጃ ፈቃዷን ሳትጠየቅ አወጣች። በዚህ ዓመት የወጣው አዲሱ ዓይነት ነው። ዮርዲ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየች፤ እሷው ናት። ካርዱን ወደ መብራቱ አዘነበለችው፤ የማረጋገጫ ምልክቱ ቀለሙን ቀየረ። ሐሰተኛ አይደለም። ቁጥር አንድ፦ ዛሂድ። ቁጥር ሁለት፦ ሪሃና።

ሳፋ ዛሂድ። ሪሃና ዛሂድ። ስሙ ገጠመ፤ ዮርዲ በሩን ከፈተች።

«አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር። አልሰጠሁትም።»

«ደግ አደረግሽ» አለች ሴትዮዋ፣ መንገዱን እየቃኘች። «አላህ ይስጥሽ።»

ሳፋ ሴትዮዋን ስታይ አልፈራችም፤ እጇን ሰጠቻት። ዓይኖቿ ግን ከሴትዮዋ አልፈው በሩ ላይ ቀሩ። የቅድሙ ጩኸት አስደንግጧት ነው አለች ዮርዲ በልቧ፤ ኮቷንም እስከ አንገቷ ቆለፈችላት።

ጃንጥላው ጥጉን ዞሮ ተሰወረ።

ዮርዲ መብራት ልታጠፋ ስትል የቅድሙ መኪና ተመልሶ መጣ። ስልኳን አነሣች፤ የፖሊስን ቁጥር ጀመረች።

ከመኪናው የአየር ማረፊያ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ወረደች። በዝናቡ ሮጣ መጥታ መንጃ ፈቃዷን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«ሳፋዬስ?»

ቁጥር አንድ፦ ሰይድ። ቁጥር ሁለት፦ ዙበይዳ። እንደ ነቢል የሰይድ ልጅ፤ ሪሃና ደግሞ የዛሂድ ልጅ።