የምላስ ውሰት

ትንሿ ልጄ የማንጎውን በረዶ አንዴ ልሳ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ደግማ ልሳ ሁለተኛውንም ትጨምራለች።

«እማማ፣ ይሄ በረዶ ጉንጬን ቆነጠጠኝ» ትላለች ለአያቷ።

ታላቋ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ትረግጣታለች። «ውሸቷን ነው እማማ፤ በጣም ይጣፍጣል» ትልና ለማሳመን ትልቅ ጉርሻ ትነክሳለች። ፊቷ በሙሉ ወደ አፍንጫዋ ሲሰበሰብ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ዕንባዋ ግን ውሸት አልለመደም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል።

አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ብርጭቆ ያጥባሉ። ዞር አይሉም። እጃቸው ብቻ ይቆማል።

ከሥራ ገና መግባቴ ነው። ቦርሳዬን ሳላወርድ ከትንሿ እጅ ተቀብዬ እቀምሳለሁ። ሎሚ ነው። ማንጎው ቀለሙን ትቶ የት እንደሄደ እንጃ። መጭመቂያው አጠገብ ያለውን ልጣጭ በዓይኔ እቆጥራለሁ፤ ሰባት ሎሚ። ሌላ ጊዜ ግማሽ ነበር የሚበቃቸው።

«በሉ ግቢ ውስጥ ተጫወቱ» እላለሁ።

ታላቋ እህቷን በክንዷ እየጎተተች ትወጣለች። «ሁሉ ነገር ይነገራል እንዴ?»

«ቆነጠጠኛ!»

አማቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። ልጆቹ መንገድ ላይ የሚሸጠውን በረዶ ሲለምኑ «ቀለም የተነከረበት ውሃ ነው» ብለው የከለከሉት እሳቸው፣ ፍሬ ፈጭተው፣ ስኳር ሳያስጠጉ፣ በትንንሽ ኩባያ አርግተው፣ እንጨት ሰክተው መስጠት የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። የካንሰር ሕክምናው አቅማቸውን ሲወስደው ስፌቱን ተዉ። ከዚያ የልብስ እጥበቱን ተዉ፣ ደረጃ መውጣቱን ተዉ። ይቺን ግን አልተዉም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በረዶው ተደርድሮ ይጠብቃል።

«እማማ፣ ሎሚው ትንሽ...»

«በዛ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ሆኖ ነው ልጅቷ የምታለቅሰው?» ብርጭቆውን ይደፉታል። ከዚያ ድምፃቸው ይወርዳል። «አንቺ ልጅ፣ በሩን ግፊው እስቲ።»

እገፋዋለሁ።

«ምላሴ ሞቷል። ወር አለፈው። ማር ብታቀርቢልኝም ሳሙና ብታቀርቢልኝም አንድ ነው። እስካሁን በግምት ሄድኩ፤ ዛሬ ግምቴም ከዳኝ።» እጃቸውን በሽርጡ ይጠርጋሉ። ደርቋል፤ ግን ደግመው ይጠርጉታል። «ልጄ ይህን ከሰማ አበቃልኝ። ‹በቃ አረፍ በይ እማዬ› ብሎ ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሥራው የሚመጣውን መጠበቅ ነው።»

እዚህ ቤት አሥር ዓመት ሳበስል አንድ ቀን «እጅሽ ይጣፍጣል» ብለውኝ አያውቁም። ሾርባዬን ቀምሰው ትልቁ ምስጋናቸው «ይበላል» ነበር። ይህን ነገር የሚነግሩት ሰው ቢፈልጉ እኔ የመጨረሻዋ የምሆን ይመስለኝ ነበር።

«ለእሱ አልነግረውም» እላለሁ።

«እንደማትነግሪው አውቃለሁ። ወሬኛ ብትሆኚ በሩን አላስዘጋሁሽም ነበር። ነይ ወዲህ።»

ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጥብ የጣለ፣ ሲነካ የሚሰምጥ ማንጎ መርጠው ይቆርጣሉ። ቢላዋው አሁንም በእጃቸው እንደ መቀስ ነው፤ ከፍሬው ላይ አንድ ክር ሥጋ አያስቀርም። ፈጭተው ጆግ ውስጥ ይገለብጡትና ማንኪያ ያነሳሉ።

«ስፌት ቤት እያለሁ» ይላሉ፣ «ልብሱን የሚለብሰው ልጅ ካልመጣ በቁመት የሚቀርበውን አቁሜ እለካበት ነበር። ዛሬ አንቺን ላቁምሽ።»

«ልክ ከሆንኩ ልቁም።»

«እንዳትኮሪ ደግሞ፤ ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው።»

ሁለታችንም እንስቃለን። ያን ቀን መሥሪያ ቤታችን መብራት ጠፍቶ ቀደም ብዬ መግባቴን ዛሬም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ቀድሞኝ ቢሆን ኖሮ በረዶውን እሱ ይቀምሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያሳለፍናቸው አምስት ወራትም፣ በየቀኑ አመሻሹ ላይ በሩን ገፋ አድርገን የቆምንበት ሁሉ፣ አይኖርም ነበር።

«ቅመሺና እንዳትናገሪ» ይላሉ ማንኪያውን እየሞሉ። «አፍሽ ይሉኝታ ያውቃል። እኔ ፊትሽን ነው የማየው።»

ይጠጉኛል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ስፌት እንደሚመረምሩ፣ ከቅንድቤ እስከ አገጬ ያዩኛል። ባለቤቴ እንኳ ይህን ፊት እንዲህ አጥንቶት አያውቅም።

እቀምሳለሁ።

«ይከብዳል» ይላሉ ምንም ሳልናገር። ሎሚ ወስደው አራት ጠብታ ብቻ ያንጠባጥባሉ። ያማስላሉ። ሁለተኛውን ማንኪያ እውጣለሁ።

«አሁን ደግሞ ግራ ቅንድብሽ ቅር ብሎታል። ሙዝ ነው የጎደለው፣ አይደል?»

ራሴን ልነቀንቅ ስል «አትነቃነቂ!» ይሉኛል፣ ልብስ እንደሚለካ ልጅ። ግማሽ ሙዝ በሹካ ይደፈጥጣሉ፤ ይጨምራሉ፤ እንደገና ያማስላሉ። ከውጪ የልጆቹ ጭቅጭቅ ይሰማል፣ አሁንም ስለዚያው ቁንጥጫ።

ሦስተኛው ማንኪያ ወደ አፌ ሲመጣ፣ ሕፃን የሚያጎርስ ሰው ሳያውቀው እንደሚያደርገው፣ የሳቸውም አፍ ይከፈታል። ስዘጋ ይዘጋሉ። ስውጥ አብረውኝ ይውጣሉ።

ፊቴ ምን እንዳለ አላውቅም። አማቴ ግን ማንኪያውን በቀስታ ያስቀምጡና፣ ምንም ያልነካውን ከንፈራቸውን ይልሳሉ።