የሟቿ መርፌ

በአንዲስ ተራራ ያለውን የጥንት መቃብር የቆፈረው ለሸክላዎቹ ብሎ ነበር። ሸክላዎቹን ሸጠ። ከሟቿ ደረት የነቀለውን የብር መርፌ ግን ኩታዋን እንድታያይዝበት ለሚስቱ ለኢላሪያ ሰጣት።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከገበያ ነዋ!»

«የምን ገበያ? አፈር አፈር ይሸታል እኮ፤ አንተ ውሸታም!» ብላ ሳቀችበት።

እሱ አልሳቀም። የሙት ልብስ ፈትቶ ሚስትን ማስጌጥ ምን ዓይነት ወንድነት ነው! በመንደሩ ልማድ ከሙታን የወሰደ ሰው ምትክ ይተዋል፤ እሱ ሴትዮዋን ደረቷን ገልጦ ትቷት መጣ። ራሱን ሲረግም ሰነበተ። ኢላሪያ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ስትወርድ መርፌውን ከሣጥኗ አውጥቶ ሊመልሰው ሄደ፤ የመቃብሩን አፈር በእጁ ዛቀ።

የሟቿ ኩታ ደረቷ ላይ ተያይዟል። የተያያዘው ኢላሪያ በሠርጓ ቀን ባደረገችው የመዳብ መርፌ ነው።