በስሜ መዝግበው

«አዝጋሚ ነሽ» ብሏት ነበር የሶፍትዌር ቡድን መሪዋ፣ በመጀመሪያው የሥራ ግምገማዋ። ቃሉ ጆሮዋ ላይ እያቃጨለ ገና ጠረጴዛዋ ጋ እንደተቀመጠች፣ ቀልደኛው ባልደረባዋ እንደ ልማዱ ወንበሩን እየጎተተ መጣ።

«እህት ዓለም፣ የፕሮግራሜ ኮድ ዛሬም አሻፈረኝ አለ። እስቲ እዪልኝ፤ ካንቺ ወዲያ ማን አለኝ?»

ከተቀጠረች ጀምሮ የእሱንና የሌሎቹን ስህተት ስታርም የራሷ ሥራ ሲያድር ከርሟል። ይህ ግን የቡድኑ የሥራ መከታተያ ላይ ስላልሰፈረ ማንም አልቆጠረላትም። እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

«መጀመሪያ የሥራ መከታተያው ላይ በስሜ መዝግበው።»

«ይቺን ለምታክል ስህተት?» ሳቀ። «ምነው፣ ዛሬ ተለወጥሽ?»

«አልተለወጥኩም፤ ተገመገምኩ።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ስሟን ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች።