ሃያኛው ጋቢ

አስካለ በኦንላይን ገበያ ጋቢ መቸርቸር ልትጀምር ነው። ገበያው ከሃያ በታች ስለማይቀበል ሃያ ጋቢ አስመዝግባለች። የተመዘገበ ዕቃ ለገበያው መጋዘን ድሮን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ዕቃውን ለያዘ ሰው ከገበያው ጋር የተገናኘው የቤቱ በር ራሱ አይከፈትም።

ጎረቤት ያለች አራስ ልጃቸውን ሊያርሱ ከገጠር የመጡት እማማ የውብዳር በሩን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ሕፃኑን በረደው። የሚደረብ ነገር አውሺኝ።»

«መጣሁ እማማ!» ብላ የራሷን ጋቢ ከአልጋዋ ገፍፋ ሮጠች። በሩ ንቅንቅ አላለም። የገዛችው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ስለነበር ሃያውን ለመሙላት የራሷንም ማስመዝገቧ ያኔ ትዝ አላት።

«እማማ፣ በሩ እምቢ አለኝ!»

«በር ደግሞ ምን አፍ አለውና እምቢ ይላል? መንፈግሽ ካልቀረ፣ ከፍተሽ ንፈጊኝ።»

አስካለ ጋቢውን መሬት ጣለችው። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እማማ የውብዳር የአስካለን ባዶ እጅ አይተው፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ ወደ ሕፃኑ ተመለሱ።