ፓወር ሰፕላዩ ይችላል ወይ?

ጋሼ ወልደ ሥላሴ ኮምፒዩተራቸውን እንደታቀፉ ከቦዳ ቦዳ ሞተር ወርደው ለሊሴ ሱቅ ገቡ። በስደት ኬንያ ሞያሌ ከደረሱ ጀምሮ የከተማውን ሰርግ በቪዲዮ የሚቀርጹት እሳቸው ናቸው። ለሊሴ ደግሞ ናይሮቢ የኮምፒዩተር ጥገና ተምራ መጥታ ሱቅ ከከፈተች ገና አንድ ዓመቷ ነበር።

ሱቁ በሰው ተጨናንቋል።

«ልጄ፣ ግራፊክስ ካርድና ሁለተኛ ዲስክ ልጨምርበት ነው» አሉ። «ፓወር ሰፕላዩ ይችላል?»

ፓወር ሰፕላይ ለኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ምን ያህል እንደሚሸከም ጎኑ ላይ ተጽፏል። ክዳኑን ፈታ ማየት ብቻ ነበረባት። ለሊሴ ግን በቀደም አንድ ደንበኛ «ደግሞ ሴት ልጅና ኮምፒዩተር!» ብሎ ሲስቅ ሰምታ ስለነበር፣ በሰው ፊት ስታመነታ መታየት አልፈለገችም።

«ይችላል። ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም።»

«ሳትከፍቺው?»

«ጋሼ፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

«እንግዲያው የሚጠይቀኝ ቢመጣ፣ ለሊሴ ይችላል ብላኛለች እላለሁ።»

«ይበሉ!»

ደንበኞቹ ሳቁ። ለሊሴ ኮራ አለች። «ልግጠምልዎት» ስትል ግን «እሱን እኔው እቤቴ እገጥመዋለሁ» ብለው ይዘውት ወጡ።

በማግስቱ ኮምፒዩተሩ ጨሶ መቃጠሉን ገበያው ሁሉ ሰማ። የዓምበሮ ሰርግ ቪዲዮም አብሮ ጠፋ ተባለ።

ዓምበሮ የጎዶማ ሰፈር ልጅ ናት። በሰርጓ ቀን አባቷ ዳባሶ ሕዝብ ፊት ቆመው ረጅም ምርቃት መርቀዋት ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ፎቶግራፋቸው አለ፤ ድምፃቸው ግን ከዚያ ቪዲዮ ሌላ የትም የለም። ከቀብሩ ወዲህ ልጅቷ ቪዲዮውን ስጡኝ እያለች የጋሼ ወልደ ሥላሴን በር ደጋግማ አንኳኩታለች።

ለሊሴ እየሮጠች ጋሼ ቤት ሄደች። ከተቃጠለው ኮምፒዩተር ውስጥ ፓወር ሰፕላዩን አውጥታ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አነበበች። ካርዱ ከሚፈልገው ግማሹን እንኳ አይችልም። ቁጥር ለይቶ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚችል ነገር ነው። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«ዲስኩን ይስጡኝ፣ ናይሮቢ የሚያድኑት ሰዎች አውቃለሁ።»

«ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት» አሉ። «ሳየው አመመኝ። ተይው ልጄ፣ የሆነው ሆኗል።»

አልተቆጧትም። ቢሰድቧት በተሻላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሊሴ ሱቋን በጊዜ መዝጋት፣ ዋናውን መንገድ ትታ በከብት ገበያው ጀርባ ዞራ መግባት ጀመረች። ሰው ኮምፒዩተር ሲያመጣላት ሥራ በዝቶብኛል ብላ ትመልሳለች። አንድ ቅዳሜ ግን ሲብስባት ተነሥታ ጎዶማ ሄደች።

«የአባትሽን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለቻት ዓምበሮን፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ። «ሳላይ ነው ይችላል ያልኩት።»

ዓምበሮ በርጩማ ስባ አስቀመጠቻት።

«ማታ ማታ ምርቃቱን ለራሴ እለዋለሁ» አለች። «አሁን አሁን ግን የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው።»

ለሊሴ ሰርጉ ላይ ማን ማን እንደነበረ ጠይቃ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረች፣ በስልኩ የቀረጸ ሰው ካለ እንዲያሳያት ትለምን ጀመር። ጎልቦ ድረስ ሄደች። አንዱ ጭፈራ አለው፣ ሌላው የግመሎቹ ሰልፍ። አንዳንዱም «ያቺ ያቃጠለችው ናት» ብሎ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ እየሰማች ስልኩን ተቀብላ ታያለች።

ቡቲዬ የምትኖረው የዓምበሮ አክስት ሀቢቦ ስልኳን ከሣጥን አወጣች። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል። «የሆነ ነገር ቀርጬ ነበር፤ እንዴት እንደሚከፈት ግን አላውቅም» አለች።

ለሊሴ ከፈተችው። ወዲያው ሳታጠፋው ሀቢቦን አስከትላ ጎዶማ ደረሰች።

ሦስቱ ሴቶች በአንዲት ስልክ ላይ አጎነበሱ። ዳባሶ በትራቸውን ይዘው ቆመዋል። «ሆሪ፣ ቡሊ» እያሉ፣ ርቢ፣ ኑሪ ብለው ይመርቃሉ፤ ሰዉ ይቀበላቸዋል። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። ዓምበሮ አፏን በሻሿ ያዘች። ምርቃቱ አለቀ።

«ድገሚልኝ» አለች ዓምበሮ እያለቀሰች።

ለሊሴ ደገመችላት። ራሷም እንባዋን ጠርጋ፣ አሁን ገና ምስሉን አስተውላ ማየት ጀመረች።

ከሽማግሌው ጀርባ፣ ግራሩ ሥር፣ ጋሼ ወልደ ሥላሴ ካሜራቸውን ከቦርሳው ሳያወጡ ታቅፈው፣ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።