የቱማሽ ሞላ

ቱማሽ ብስክሌቱን ወደ ሊናርድ ጋራዥ ያመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው። የሱፍ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ በሩ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። ሊናርድ ጎማ ካሰረበት ሞርሳ ቀና ብሎ የጓደኛውን ፊት አየና ወዲያው ዓይኑን ወደ ጎማው መለሰ። ከመጋቢት ወዲህ ይህን ፊት አትኩሮ ማየት አይሆንለትም።

ቱማሽ በየማክሰኞው በባቡር ወደ ኩር ከተማ ይሄዳል፤ የከብት አርቢዎች ማኅበር ጉዳይ ነው ይላል። በየማክሰኞው ደግሞ ሊናርድ ጋራዡን በጊዜ ይዘጋና፣ የቱማሽ ሚስት ኡርሲና ወደምትሠራበት አይብ ቤት በጓሮ በር ይገባል። ማኅበሩ በየሳምንቱ ምን እንደሚያወራ ሊናርድ ጠይቆ አያውቅም። ለሚመች ነገር ምክንያት የሚጠይቅ የለም።

ኡርሲና ሳቂታ ናት። በሰኔ ወር አንድ ማክሰኞ ሊናርድን አይብ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አቁማ፣ «አሥራ አራት ክብ አይብ ከእፍኝ ጨው ጋር!» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ስቃበታለች።

«ይኼን የንፋስ ፎርቼላ ፍታልኝና የብረት ሞላ አስገባበት» አለ ቱማሽ የፊቱን ጎማ የሚይዘውንና ነውጡን የሚያበርደውን ሹካ በእግሩ ነካ አድርጎ።

«ንፋሱ ምን አጠፋ?»

«ብስክሌቱ ከነሞተሩ ሃያ አምስት ኪሎ ነው፣ ንፋስ አይችለውም። ደግሞም ንፋስ ለማንም ያድራል። የመጣ ሁሉ በፓምፕ ይጨምርበታል ይቀንስለታል፣ ይስማማዋልም። ሞላ ግን የአንድ ሰው ነው።»

የሊናርድ ጆሮ ጋለ። ቱማሽ ግን የሚያየው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መፍቻዎች ነበር።

«ሞላ ከፋብሪካ የሚታዘዘው በነጂው ክብደት ነው» አለ ሊናርድ። «ስንት ነህ?»

«ሰባ አንድ።»

ሊናርድ ሳቁ አመለጠው። «አንዱን እግርህን ቤት ትተኸው ነው?»

«ሰባ አንድ ብዬሃለሁ። ቀበቶዬን አታየውም?»

ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ነበር። ቢሆንም ቱማሽ በቁመት ሊናርድን በአንድ ራስ ይበልጠዋል፤ ምንም ቢከሳ ከሰማንያ አይወርድም። ሰው ሁሉ በዕድሜው ይዋሻል፤ ወንድ ልጅ በቦርጩም ይጨምርበታል።

«ኮርቻውንም ሦስት ጣት ዝቅ አድርገው።»

«ጉልበትህን ያምሃል?»

«ያላመመኝን ብትጠይቀኝ ይቀላል» አለ ቱማሽ። «ቅዳሜ እወስደዋለሁ። እሑድ በድብ ደረጃ ላይ ይፈተናል።»

የድብ ደረጃ ከላይኛው ግጦሽ ወደ ወንዙ የሚወርድ፣ ሰባት እርከን ያለው ድንጋያማ መንገድ ነው። ሞላው ለነጂው ከሳሳ፣ ሦስተኛው እርከን ላይ ፎርቼላው እስከ መጨረሻው ይሰምጥና ሰውየውን በመሪው ላይ አሳልፎ ይወረውረዋል። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ እንግዳ አንገቱን የሰበረው እዚያ ነው። ሬሳውን ካወጡት መካከል ሊናርድ አንዱ ነበር።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አትቀልድ፣ ሚዛን ላይ ውጣ» ቢለው ይበቃ ነበር። ሊናርድ እርሳሱን አነሳና ሰባ አንድ ብሎ ጻፈ።

ሞላው ዓርብ ደረሰ። ፎርቼላውን ፈታ፣ አሮጌውን ዘይት አፈሰሰ፣ የንፋሱን ዕቃ አወጣ፣ ሞላውን ግራሶ ቀብቶ አስገባ፣ ቡሎኑን አጠበቀ፣ ኮርቻውንም ሦስት ጣት ዝቅ አደረገ። ግቢው ውስጥ አንድ ዙር ነዳው፤ እንከን አልነበረውም። ሥራው ያማረ መሆኑ ይበልጥ አሳፈረው።

ቅዳሜ ቱማሽ በወረቀት የተጠቀለለ የለውዝ ኬክ ይዞ መጣ።

«ኡርሲና ናት የጋገረችው። እኔ ምንም አይጣፍጠኝም፣ አንተ ብላው።»

ሊናርድ አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ ከተተ። የቀረውን በወረቀቱ መልሶ ጠቀለለው። ቱማሽ ብስክሌቱን እየገፋ ከግቢው ሲወጣ ቆሞ አየው። አሁንም አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ሊናርድ ለቱማሽ ስልክ ደወለ። የሚያነሳ የለም። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ኮቱን እንኳ ሳይለብስ ወደ ግጦሹ ሮጠ። ዳገቱን ሲወጣ የሚናገረውን በልቡ ያሰናዳ ነበር፤ መጀመሪያ ሞላውን፣ ቀጥሎ ዝምታውን፣ በመጨረሻ ኡርሲናን። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቃላቱ እየጠፉበት እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ቱማሽ ከድብ ደረጃ አናት ላይ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። ብስክሌቱ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«አትውረድ!» አለ ሊናርድ እያለከለከ። «ሞላው ላንተ አይሆንም። እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት። ይጥልሃል፣ ይገድልሃል!»

«ምን አሯሯጠህ? ማን እወርዳለሁ አለህ?» አለ ቱማሽ። «እዚህ የደረስኩት እንኳ እየገፋሁት ነው። ሞተሩ ባያግዘኝ መንገድ ላይ እቀር ነበር።»

«ሌላም የምነግርህ አለ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ተቀመጥበት።»

«ቱማሽ፣ ስማኝ...»

«ተቀመጥ አልኩህ እንጂ፣ ሞኙ።»

ሊናርድ ተቀመጠ። እግሮቹ ፔዳሉ ላይ በልካቸው አረፉ። ፎርቼላው ሩብ ያህል ዝቅ አለና ቀጥ ብሎ ተሸከመው።

ቱማሽ ቆቡን አወለቀ። ከሥሩ አንድ ፀጉር አልነበረም። «ማክሰኞ ማክሰኞ ኩር ውስጥ የሚጠብቀኝ ሐኪም ነው።»

«ሰባ አንድ ኪሎ» አለ። «አሥራ አራት ክብ አይብ፣ ከእፍኝ ጨው ጋር።»